የልጆች ኦፕራሲዮን ጥናቶች፦ ውጪ አገር የወጣው ውጤት ለመንዝ ልጅም ይሰራል ወይ?

«ትርፍ አንጀት ያለ ኦፕራሲዮን በመድኃኒት ይድናል» የሚል ነገር ቴሌግራም ላይም ፌስቡክ ላይም ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። እዚህ ደብረ ብርሃንም ልጁን ሆዱን ሲያመው ይሄንን አንብቦ ቀጥታ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ ስጡኝ የሚል ወላጅ አይጠፋም። ወሬው ውሸት አይደለም፣ ግን የተወራው ግማሹ ነው፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ዋናው እሱ ነው።

ወሬው የመጣው ከክሊኒካል ትራያል ነው፣ ማለትም ሁለት ሕክምናዎችን ለታካሚዎች በዕጣ አከፋፍሎ ጎን ለጎን ከሚያወዳድር ጥናት። በ2025 መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ውጤት ወጣ። ካናዳ፣ አሜሪካ፣ ፊንላንድ፣ ስዊድንና ሲንጋፖር ያሉ 11 የልጆች ሆስፒታሎች አብረው የሰሩት ነው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 16 ዓመት የሆነ፣ ትርፍ አንጀታቸው የታመመ ግን ያልፈነዳ 936 ልጆች ገብተውበታል፣ አንዱ ወገን ኦፕራሲዮን ሌላው አንቲባዮቲክ ደረሰው። ከዛ አንድ ዓመት ክትትል ተደረገ። አንቲባዮቲክ ከደረሳቸው ልጆች 34 ከመቶው በዓመቱ ውስጥ ትርፍ አንጀታቸው መውጣቱ አልቀረም። ኦፕራሲዮን በሆኑት በኩል ደግሞ ሕክምናው አልተሳካም የተባለው 7 ከመቶ ላይ ነው፣ እሱም በአብዛኛው ተቆርጦ የወጣው አንጀት በላብራቶሪ ሲታይ ጤነኛ ሆኖ የተገኘባቸው ናቸው። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት «ልዩነቱ ከ20 ከመቶ ካለፈ አንቲባዮቲኩ ከኦፕራሲዮን አያንስም ማለት አንችልም» ተብሎ ተወስኖ ነበር፣ አለፈ፣ ስለዚህ አንቲባዮቲኩ ፈተናውን ወደቀ። በሁለቱም በኩል የሞተ ልጅ የለም።

አሁን ይሄ ቁጥር ስዊድን ውስጥ ላለች እናት ምን ማለት ነው? ሦስት ልጅ አንቲባዮቲክ ቢጀምር ሁለቱ ቢላ ሳያያቸው ዓመቱን ይጨርሳሉ፣ አንዱ ሌሊት ሆዱን መልሶ ያመዋል፣ እናትየው መኪና አስነስታ ሆስፒታል ታደርሰዋለች፣ አልትራሳውንድ አለ፣ ተረኛ ሰርጀን አለ፣ በዛው ሌሊት ይወጣለታል፣ አለቀ። ለሷ ምርጫው የምር ምርጫ ነው፣ እንዲያውም ብዙ ወላጅ ያንን ዕድል ልሞክር ቢል አይፈረድበትም።

ያንኑ ቁጥር ወደ ግሼ ራቤል ወይ ከመሐል ሜዳ ወጣ ወዳለ ቀበሌ አምጡት። ልጁ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ተሻለው ተብሎ ቤቱ ገባ እንበል። ከሦስት አራት ወር በኋላ ሐምሌ ላይ ሌሊት ሆዱን ያመዋል። እናትየው መጀመሪያ ቁርጠት ነው ብላ ዳማከሴ ታጠጣዋለች፣ ሲነጋ አባትየው በበቅሎም በሸክምም ጤና ጣቢያ ያደርሱታል፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል፣ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል ይባላል፣ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃን ሲደርስ አንጀቱ ፈንድቶ መግሉ ሆዱን ሞልቶታል። እዛ ጥናት ውስጥ «ተመልሶ መጣ» ተብሎ በአንድ መስመር የተመዘገበው ነገር እዚህ የልጅ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ሊሆን ይችላል። የሞተ የለም የተባለውም መድኃኒቱ ስለጠበቃቸው ብቻ አይመስለኝም፣ በዙሪያቸው የነበረው መንገድ፣ ስልክ፣ አልትራሳውንድ፣ የሌሊት ተረኛ ሁሉ ተደምሮ ነው። ያ ሁሉ በጥናቱ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም ግን ውጤቱ ውስጥ አለ።

የገረመኝ ነገር ግን ጥያቄው ተገልብጦም ሊጠየቅ መቻሉ ነው። ሰርጀን የሌለበት ጤና ጣቢያ ላይ ሪፈር የሚጠብቅ ልጅ ወዲያውኑ አንቲባዮቲክ ቢጀመርለት ደብረ ብርሃን እስኪደርስ እንዳይፈነዳ ጊዜ ይገዛለታል ወይ? ይሄ ለስቶክሆልም ጥያቄ አይደለም፣ እዛ ማንም አይጠይቀውም ምክንያቱም አያስፈልጋቸውም። ለኛ ግን የዕለት ጥያቄ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማለት የፈለግኩት ነገርም እዚህ ላይ ነው፣ የልጆች ቀዶ ሕክምና በጥናት እየተሻሻለ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን የኛ ልጆችና የኛ መንገድ ጥናቱ ውስጥ እስካልገቡ ድረስ የሚደርሰን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

መጀመሪያ ለምን በዕጣ እንደሚደለደል ልበል፣ ብዙ ሰው የሚከብደው እሱ ስለሆነ። «ሐኪም ሆኖ የልጄን ሕክምና በዕጣ እንዴት ይወስናል?» ይላል ሰው፣ ጥያቄው ልክ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሐኪሙ ራሱ ይምረጥ ቢባል ሳያስበውም ቀለል ያለ የታመመውን ልጅ ለመድኃኒቱ፣ የከፋውን ለኦፕራሲዮን ያደርገዋል፣ በመጨረሻ መድኃኒቱ የተሻለ መስሎ ይታያል፣ በመድኃኒቱ ሳይሆን በልጆቹ ምክንያት። ዕጣ ይሄንን ያጠፋዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ወላጅ ከፈቀደ በኋላ ብርሃን የማያሳልፍ የታሸገ ፖስታ ይከፈታል ወይ ኮምፒውተር ይጠየቃል፣ ከዛ በፊት ሐኪሙም ነርሷም ምን እንደሚደርስ አያውቁም። ደግሞም ዕጣ የሚፈቀደው ሁለቱ ሕክምናዎች የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ነው። አንዱ እንደሚሻል እየታወቀ ልጅን በዕጣ ለባሰው መስጠት ወንጀል ነው፣ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አያሳልፈውም።

ቀዶ ሕክምና ላይ ደግሞ ችግሩ ከመድኃኒት ይብሳል። አዲስ መድኃኒት ገበያ ከመውጣቱ በፊት መንግሥት ማስረጃ ይጠይቃል፣ አዲስ የኦፕራሲዮን ዘዴ ግን ከአስተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፈ ነው የሚስፋፋው፣ አስተማሪዬ እንዲህ ነው ያሳየኝ እየተባለ ዓመታት ይሄዳል። ልጆች ላይ ሲሆን ደግሞ ልጅ ላይ ጥናት አይሠራም እየተባለ ከአዋቂ የተገኘውን ቀንሶ መስጠት የተለመደ ነበር። ለልጅ የታዘነ ይመስላል፣ እንደኔ ግን ልጁን ይበልጥ ለአደጋ ያጋለጠው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ማንም ሳይመዘግብ ማንም ሳይቆጥር እያንዳንዱ ልጅ ላይ የሐኪሙ ግምት ሲሠራ ነው የኖረው።

ግምት እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት ኦፕራሲዮን ያልሆነ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በጠና የታመመና ደሙ በደንብ የማይዘዋወርለት ልጅ ሲመጣ ቶሎ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት በሀብታም አገሮች መመሪያ ነበር፣ ግልጽ ነገር ነው ይባል ነበር። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ 3,141 ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2011 ሲወጣ በፍጥነት ፈሳሽ የተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10.5 ያህሉ ሲሞቱ ያልተሰጣቸው 7.3 ነው የሞቱት። ጥናቱ ከታሰበው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ያንን ጥናት አፍሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ባይገኝ ኖሮ ያ ፈሳሽ እስከ ዛሬ «ሕይወት አድን» እየተባለ በየዋርዱ ይንጠለጠል ነበር።

ወደ ኦፕራሲዮን ስንመለስ የቡአ ነገር አለ፣ ሐኪሞቹ ሄርኒያ የሚሉት፣ ብሽሽት ላይ ወጣ ገባ የሚለው እብጠት። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ጨቅላዎች ላይ ይበዛል። አሜሪካ ውስጥ ግማሹ ሰርጀን ከሆስፒታል ሳይወጣ ይሰፋ ይላል፣ አንጀቱ ታንቆ እንዳይቀር፣ ግማሹ ደግሞ ይቆይ ጠንከር ይበል ይላል። 39 ሆስፒታሎች 338 ጨቅላዎችን በዕጣ ደልድለው ውጤቱ በ2024 ወጣ፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ከሆኑት 28 ከመቶው ከባድ ችግር ገጠማቸው፣ እንዲቆዩ ከተደረጉት ደግሞ 18 ከመቶው። ስለዚህ መቆየቱ ተሻለ። ግን መቆየት ማለት እናትየው እብጠቱ ሲጠጥርና ልጁ ሲያስመልሰው ለይታ አውቃ ወዲያው የምትደርስበት ቦታ አላት ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ላለች እናት ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ሚዳ ወረሞ ላለች እናት በዚህ ጥናት ብቻ «ይቆይ» ብሎ መላክ ይከብደኛል።

ከነዚህ የሚለይ ደግሞ አለ። ወላጅ ሁሉ የሚፈራው ሰመመኑን ነው፣ ሰመመን የልጅ ጭንቅላት ያደነዝዛል፣ ትምህርት አይገባውም የሚል ወሬ አለ፣ ወሬው ከሜዳ አልመጣም፣ እንስሳት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሳይንቲስቶችንም አስጨንቀው ነበር። ሰባት አገሮች ውስጥ 28 ሆስፒታሎች ላይ 722 ሕፃናት ቡአቸውን ሲሰፉ ግማሾቹ ሙሉ ሰመመን ግማሾቹ በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣ ደረሳቸው፣ ከዛ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ተጠበቁ። አስቡት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ላይ የተጀመረ ጥናት መልሱ የሚገኘው ልጁ አውርቶ፣ ቆጥሮ፣ ሥዕል ለይቶ ሲፈተን ነው። ውጤቱ በ2019 ወጣ፣ የሁለቱም ወገን አማካይ የአእምሮ ፈተና ውጤት 99 ገደማ፣ ልዩነት የለም። ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ አንድ ሰመመን ማለት ነው፣ ለተደጋጋሚና ለረጅም ኦፕራሲዮን አልተመለሰም።

ይሄኛው ውጤት ከትርፍ አንጀቱ በተሻለ ወደኛ ይመጣል፣ ምክንያቱም ጥያቄው ስለ ሕፃን አእምሮ ነው፣ የአንኮበር ሕፃን አእምሮና የሜልቦርን ሕፃን አእምሮ አንድ ነው፣ መንገድ አያስፈልገውም። ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥናቱ የተሠራው ሴቮፍሉሬን በሚባል ሰመመን ነው፣ እኛ አገር ግን ብዙ ሆስፒታሎች ሲሠሩ የኖሩት ሃሎቴንና ኬታሚን በሚባሉት ነው፣ የልጆች አኔስቴዥያ ላይ የሠለጠነ ባለሙያም እንደልብ አይገኝም። እንግዲህ አንድ ጥናት ስታነቡ ይሄንን ጠይቁ፣ መልሱ በሰውነት ላይ ብቻ ነው የቆመው ወይስ በሆስፒታሉና በመንገዱ ላይም ቆሟል? በሰውነት ላይ ብቻ ከቆመ ልታምኑት ትችላላችሁ፣ በመንገዱ ላይም ከቆመ መንገዳችሁን እያያችሁ ነው የምታምኑት።

አሁን ደግሞ እንደኛ ባሉ አገሮች ስለተሠሩት፣ እኔን በጣም ደስ የሚሉኝ እነዚህ ናቸው። ሆድ ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ መግል የሚይዘው ነገር እዚህ ስንቱን ወላጅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንደሚያስተኛ የሚያውቅ ያውቃል። ቤኒን፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካ ያሉ 81 ሆስፒታሎች አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ። ሐኪሙ የሆድ ውስጡን ሥራ ጨርሶ ሊሰፋ ሲል ሁሉም እጁን ያነሳል፣ ጓንቱን ያወልቃል፣ አዲስ ንጹሕ ጓንት ያጠልቃል፣ ስክራብ ነርሷ (መሣሪያ የምታቀብለው) ስትሠራበት የነበረውን መቀስና መርፌ መያዣ ገፋ አድርጋ ሌላ ከአውቶክሌቭ (መሣሪያ በእንፋሎት ከሚያጸዳው ማሽን) የወጣ ጥቅል ትፈታለች፣ ከዛ ነው መስፋት የሚጀመረው። በቃ ይሄ ነው። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ ማሽን የለም። ልጆችም አዋቂዎችም ያሉበት 13,301 ታካሚ ላይ ተሠርቶ በ2022 ውጤቱ ወጣ፣ የቁስል ኢንፌክሽን ከ18.9 ከመቶ ወደ 16 ከመቶ ወረደ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከሺህ ሰው 29 ያህል ቁስሉ ሳያመረቅዝ ቤቱ ገባ ማለት ነው፣ ከ29ኙ ውስጥ ልጅ ያለው ወላጅ ምን እንደተረፈለት ይገባዋል።

ታዲያ ይሄስ ወደኛ በቀጥታ ይመጣል ወይ? ከሌሎቹ በጣም የቀረበ ነው፣ ቢሆንም ያው አንድ አውቶክሌቭ ያለው ሆስፒታል ሁለተኛ ጥቅል ፈታ ማለት ለሚቀጥለው ታካሚ የተዘጋጀውን ፈታ ማለት ሊሆን ይችላል፣ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሁለተኛው ቀርቶ አንደኛውም ያስቸግራል። ያንን ተሸክሞ ይሠራል አይሠራም የሚለውን የሚመልሰው እዚሁ ሞክሮ የሚቆጥር ሰው ነው። በነዚያው ሰባት አገሮች ቀደም ብሎ በ2021 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ፣ 54 ሆስፒታሎች 5,788 ታካሚ ላይ፣ ቆዳ ለማጽዳት ውዱ አልኮል ያለው ክሎርሄክሲዲን ከተራው አዮዲን ይሻላል ወይ፣ ተህዋስ በሚገድል ነገር የተነከረ የመስፊያ ክርስ ከተራው ክር ይሻላል ወይ ተብሎ። በሁለቱም ልዩነት አልተገኘም። ለድሃ ሆስፒታል ይሄ ትልቅ ዜና ነው፣ በውድ ክር የሚወጣው ብር ለጓንት ይሁን ማለት ነው። ከሰባቱ አገሮች ኢትዮጵያ የለችም፣ ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል፣ የሩዋንዳ ሐኪም የጠየቀውን የኛ ሐኪም መጠየቅ የሚያቅተው ሆኖ አይደለም።

ኡጋንዳ ምባሌ ውስጥም አለ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የሚያብጥባቸው ሕፃናት የተለመደው ሕክምና ከጭንቅላት ወደ ሆድ ቱቦ መቅበር ነው፣ ቱቦው ደግሞ ሲደፈን ወይ ሲመረዝ ወዲያው የጭንቅላት ሰርጀን ካልተገኘ ልጁ ሊሞት ይችላል። እዛ የነበረው ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባል ሰርጀን በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከፍቶ ውሃውን የሚያመነጨውን ክፍል የሚያተኩስ ዘዴ አዳበረ፣ ከዛ «ዘዴዬ ይሻላል» ብሎ ማውራት ሲችል በዕጣ ተወዳደረ። 100 ሕፃናት፣ ውጤቱ 2017 ላይ፣ ከዓመት በኋላ የልጆቹ የአእምሮ እድገት በሁለቱም ዘዴ የጎላ ልዩነት አላሳየም። ልዩነት የለም መባሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ቱቦው ቢደፈን ቶሎ ሰርጀን ለማያገኝ ከሩቅ ገጠር ለመጣ ልጅ ቱቦ አልባው መንገድ ክፍት ሆነ ማለት ነው።

«ሰርጀን በሌለበት፣ ኢንኩቤተር በሌለበት ስለ ጥናት ታወራለህ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፣ ቁጥሩም ይደግፈዋል። በ2021 ላንሴት ላይ የወጣ፣ 74 አገሮች ውስጥ 264 ሆስፒታሎችን ያየ ጥናት አለ (በዕጣ የተሠራ አይደለም፣ ያለውን የቆጠረ ነው)፣ ሆድና አንጀታቸው ላይ የአፈጣጠር ችግር ይዘው ከተወለዱ ሕፃናት በሀብታም አገሮች 5.6 ከመቶው ሲሞቱ በድሃ አገሮች 39.8 ከመቶው ይሞታሉ። አንጀቱ ከሆዱ ውጭ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ላይ ደግሞ ልዩነቱ ያስደነግጣል፣ ሀብታም አገር 1.4 ከመቶ፣ ድሃ አገር 90 ከመቶ። ይሄንን ክፍተት ትራያል ብቻውን አይዘጋውም፣ ሠራተኛ፣ ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ ቶሎ መድረስ ነው የሚዘጋው። ግን ለየትኛው ቅድሚያ እንስጥ? ከጤና ጣቢያ ሪፈር የሚደረገው ጨቅላ አንጀቱ በንጹሕ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ እናቱ ገላ ላይ ተለጥፎ ቢመጣ ስንት ይተርፋል፣ ወይስ ሌላ ነገር ይበልጣል? ብሩ ትንሽ ስለሆነ ነው የትኛው እንደሚሠራ ማወቅ የሚያስፈልገን፣ ብዙ ቢሆን ሁሉንም እናደርገው ነበር።

አይቻልም የሚባለውም ልክ አይደለም። አማራ ክልል ውስጥ በምዕራብ በኩል የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ለሚዞርባቸው የትራኮማ ሕመምተኞች ሁለት የኦፕራሲዮን ዘዴዎች 1,000 ሰው ላይ በዕጣ ተወዳድረው ውጤቱ በ2016 ወጥቷል፣ በዓመቱ የመመለስ መጠኑ በአንዱ 13 ከመቶ በሌላው 22 ከመቶ። ገጠር ውስጥ ነው የተሠራው፣ የኛው ሰው ነው የገባበት። አዋቂዎች ናቸው እንጂ ልጆች አይደሉም፣ ግን የገጠር ሰው ተከታትሎ ማግኘት ይቻላል ወይ ለሚለው መልስ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም ነው የተሰየመው፣ እሳቸው ሰርጀን ነበሩ፣ በሰርጀን ስም የሚጠራ ካምፓስ ያለባት ከተማ ለልጆች ቀዶ ሕክምና ጥያቄ መጠየቅ ይገባታል።

ስለ ፍርሃቱ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። «ልጆቻችንን መሞከሪያ ሊያደርጉ ነው» የሚለው ስጋት ያለምክንያት አይደለም። በ1996 ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ሰዓት ፋይዘር የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ 200 ልጆች ባሉበት ጥናት ትሮቫን የሚባል መድኃኒት ለግማሾቹ፣ ሌላ መድኃኒት ለግማሾቹ ሰጥቶ ሞክሯል፣ ከሁለቱም ወገን 11 ልጆች ሞተዋል፣ ወላጆች ጥናት መሆኑ አልተነገረንም ብለው ከሰሱ፣ ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ይሄንን የሰማ አባት ቢጠራጠር ልክ ነው፣ መጠርጠሩ መብቱ ነው።

ዛሬ ሕጉ አለ፣ ሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ሥነ ምግባር የሚደነግገው የሄልሲንኪ መግለጫ ከ1964 ጀምሮ አለ፣ እኛ አገርም የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች አሉ፣ የመድኃኒት ትራያል ሲሆን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ያለውና አልጋው አጠገብ የሚሆነው ግን ይለያያል። ልጁ ሆዱን ይዞ እየጮኸ፣ አባትየው ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት መጥቶ አራት ገጽ ቢያነብለት ምን ይላል? «እርሶ ያውቃሉ ዶክተር፣ ያሉትን ያድርጉት» ነው የሚለው። ያ ፈቃድ አይደለም፣ ያ ጭንቀት ነው። ስለዚህ የሚያስረዳው ሰው የሚያክመው ሐኪም ባይሆን ይሻላል፣ ጊዜ ካለ እናትየዋም ብትኖር፣ አባትየው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ቢደረግ፣ እምቢ ካለ ሕክምናው ምንም እንደማይጓደልበት በተግባር ቢያይ። ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ፣ ከቆላው በኩል አፋርኛ የሚናገር ወላጅም ደብረ ብርሃን ይመጣል፣ ፎርሙ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ያንን ሰው አስፈርመነዋል እንጂ አላስረዳነውም። ትልቅ የሆነ ልጅ ደግሞ ራሱም ይጠየቅ፣ የ12 ዓመት እረኛ ስለ ሆዱ አስተያየት አለው።

ወላጅ የሆነ ሰው ጥናት ግቡ ቢባል እንዲጠይቅ የምመክረው ብዙ አይደለም፦ ባልገባስ ልጄ ምን ይደረግለታል? ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል? ለክትትል ስመላለስ ትራንስፖርቱ የማን ነው? ጥናቱ ካለቀ በኋላ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ሕክምና እዚህ ሆስፒታል ይቀራል ወይስ ከተመራማሪዎቹ ጋር ይሄዳል? ለነዚህ ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ሰው ጋር አትፈርሙ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ወጌሻ። እንግሊዝ ውስጥ 965 ልጆች ላይ የተሠራ በ2022 የወጣ ጥናት አጥንቱ ሳይለያይ የእጅ አንጓው ጎርበጥ ብቻ ያለ ልጅ ጠንካራው ማሰሪያ ቀርቶ ለስላሳ ፋሻ ቢታሰርለት ሕመሙ ያው መሆኑን አሳይቷል። ደስ ይላል፣ ግን ያ ስብራት መሆኑን የለየው ራጅ ነው። እዚህ ያለው ጭንቀት ሌላ ነው፣ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም ሳይደርሰው የጠቆረ እጅ ይዞ የሚመጣው ልጅ ነው፣ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። ወጌሻዎቹን ማሠልጠን፣ ጣት ሲቀዘቅዝና ሲደነዝዝ ማሰሪያውን ፈተው እንዲልኩ ማድረግ ምን ያህል እጅ ያተርፋል የሚለው በቀበሌ በዕጣ ተደልድሎ ሊጠና የሚችል ነገር ነው፣ ከኛ በቀር የሚጠይቀው የለም።

የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ልጆችም አሉ፣ እኛ አገር በጣም ይበዛል። አሜሪካ ውስጥ ጽንሱ ገና ማኅፀን ውስጥ እያለ ክፍተቱን መዝጋት ከተወለደ በኋላ ከመዝጋት ጋር ተወዳድሮ በ2011 ሲወጣ የጭንቅላት ቱቦ የሚያስፈልጋቸው ከ82 ከመቶ ወደ 40 ከመቶ ወርዷል፣ ጥናቱም ጥቅሙ ስለታየ ቀድሞ ቆሟል። ድንቅ ነው፣ ለኛ ግን ለጊዜው ሩቅ ነው። ከሱ 20 ዓመት ቀድሞ በ1991 የወጣ ሌላ ትራያል አለ፣ 33 ማዕከላት ሰባት አገሮች ውስጥ፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ከማርገዟ በፊት ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ብትወስድ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 ከመቶ ይቀንሳል። ክኒኑ ርካሽ ነው፣ ችግሩ እርጉዝ መሆኗን አውቃ ጤና ጣቢያ ስትመጣ የልጁ ኅብለ ሰረሰር ከተዘጋ ወይ ሳይዘጋ ከቀረ ሳምንታት አልፈዋል። ለዛ ነው ብዙ አገሮች ዱቄት ውስጥ የሚጨምሩት፣ ኢትዮጵያም በፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ላይ ግዴታ አድርጋለች። የመንዝ ቤት ግን ገብስ ነው የሚበላው፣ ከማሳው ታጭዶ ሰፈር ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ ቂጣና በሶ የሚሆነው፣ ፋብሪካ አያየውም። ጨው ግን ሁሉ ቤት ይገባል፣ አዮዲንም እየገባበት ነው። በጨው ይሁን በሌላ መንገድ የገብስ አገር እናት ጋር ፎሊክ አሲድ እንዴት ይድረስ የሚለው ከየትኛውም ኦፕራሲዮን የበለጠ ልጅ ሊያተርፍ የሚችል ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሄ ሁሉ ከየት ይጀመር ቢባል ከትራያልም በፊት ከመዝገብ ይጀመር ነው የምለው። ኦፕራሲዮን የሆነ እያንዳንዱ ልጅ፣ ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው፣ ጤና ጣቢያ የደረሰው መቼ፣ ሆስፒታል መቼ፣ ቢላ የነካው መቼ፣ በ30ኛው ቀን እንዴት ነው። አምስት ነገር ነው። አራቱ ልጁ ሆስፒታል እያለ ይሞላሉ፣ አምስተኛው ስልክ መደወል ይፈልጋል፣ አባትየው ስልክ ባይኖረው የጎረቤት፣ ኔትወርክ ባይኖር በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል። ያ አምስተኛው ሳይሞላ ስንት ልጅ ቁስሉ እንዳመረቀዘ፣ ስንቱ ቤቱ ገብቶ እንደሞተ ማንም አያውቅም፣ የትኛው ሕክምና እንደሚሻልም ማወዳደር አይቻልም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነርስ፣ አንድ ስልክና የካርድ ብር ነው፣ የዛችን ነርስ ደሞዝ ደግሞ በበጀቱ ውስጥ በየትኛው መደብ እንደሚይዙት ሆስፒታሎቹና የዞኑ ጤና መምሪያ ቁጭ ብለው መነጋገር አለባቸው።